“ከባድ እና ቀላል ጉዳት”

ዜናውን በቃላችን እናውቀዋለን። “ከጎንደር ወደ መተማ ሲጓዝ የነበረ ተሽከርካሪ መንገድ ስቶ በመገልበጡ የሰዎች ህይወት ሲያልፍ በሌሎች ላይ ከባድ እና ቀላል ጉዳት ደርሷል።” የቦታው ስምና ቁጥሩ ብቻ ይቀያየራል። ቀጥሎ የትራፊክ ፖሊስ ኃላፊው “አሽከርካሪዎች ጥንቃቄ ያድርጉ” ይላሉ። እኛም ነፍስ ይማር ብለን ወደ ሌላው ዜና እናልፋለን።

እኔን የምትይዘኝ “ከባድ እና ቀላል” የምትለዋ ነገር ናት። መኪናው አንድ፣ ገደሉ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ። አንዱ እዛው ይቀራል። አጠገቡ የነበረው አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ለምን?

ለቅሶ ቤት መልሱ ዝግጁ ነው፤ “ቀኑ ደርሶ ነው።” ልጇን ያጣች እናት ፊት ሌላ የሚባል ነገር የለም። እኔም እላለሁ። ነገ ጠዋት መናኸሪያ ሄዶ ጋቢና ለሚገባ ሰው ግን ይህ መልስ አይጠቅመውም። አደጋው ለምን ደረሰ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። የደረሰው አደጋ ይህን ገድሎ ያንን በጭረት ለምን አለፈው የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ስለ መጀመሪያው ሬዲዮው ሁሉ ያወራል። ሁለተኛውን ግን ለቀን ትተነዋል።

ከፍጥነት ልጀምር። የፋሲል ግንብ ቁመቱ 32 ሜትር ነው ይባላል። ከጫፉ የወደቀ ሰው መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አሁን ገልብጣችሁ አስቡት። በ90 ሲበር የነበረ ሚኒባስ ከቆመ ሲኖትራክ ጋር ሲላተም፣ ውስጡ ያለው ሰው ከፋሲል ግንብ አናት እንደተወረወረ ቁጠሩት። በ50 ከሆነ ከሦስተኛ ፎቅ ነው። በ30 ከሆነ ከአንድ ቤት ጣሪያ። ከጣሪያ የወደቀ ሰው እግሩ ይሰበር ይሆናል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይተርፋል። ከግንቡ ጫፍ የወደቀ አይተርፍም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይዞት የሚመጣው ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመኪኖች አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ይጨምራል።

ደግሞ ግጭቱ አንድ አይደለም። ሦስት ነው። መጀመሪያ መኪናው ከሆነ ነገር ጋር ይጋጫል። ቀጥሎ ሰውየው ከመኪናው ጋር ይጋጫል፤ ከመሪው፣ ከመስታወቱ፣ ከፊቱ ካለው ወንበር። በሦስተኛ ደረጃ የሰውየው የውስጥ አካል ከራሱ አጥንት ጋር ይጋጫል። አንጎል ከራስ ቅል፣ ልብ ከደረት፣ ጉበትና ጣፊያ ከጎድን። “ምንም ደም አልታየበትም፣ እንዴት ሞተ?” የሚባለው የዚህ የሦስተኛው ግጭት ነገር ነው። ደሙ አለ። ሆድ ውስጥ ነው።

ከከተማ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ልጅ ድንገት ገባ እንበል። ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ በጉም፣ ተማሪውም የሚጋሩት መንገድ ስለሆነ እንግዳ ነገር አይደለም። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ ፍሬኑም ደህና ነው። በ50 ሲመጣ የነበረው መኪና 28 ሜትር ገደማ ሄዶ ልጁ እግር ስር ይቆማል። ልጁም ሾፌሩም ይደነግጣሉ፣ ስድብ አይጠፋም፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። በ60 ሲመጣ የነበረውስ? እዛችው ቦታ ሲደርስ ገና በ40 እየሄደ ነው። ልጁን በ40 ይመታዋል። ልዩነቷ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ አንዱ ድንጋጤ ነው፣ ሌላው ከሁለተኛ ፎቅ መውደቅ ነው። ሾፌሩ “እኔ እኮ አልፈጠንኩም፣ 60 ነበርኩ” ሲል አልዋሸም።

የማታውም ነገር በዚሁ ይፈታል። በጨለማ አደጋ መብዛቱ አንድ ነገር ነው። አደጋው ለምን እንዲህ ይከፋል ለሚለው ግን መልሱ ፍሬኑ ላይ ነው። ቀን ላይ ሾፌሩ ቢያንስ ትንሽ ይይዛል፣ ፍጥነቱ ወርዶ ነው የሚመታው። ማታ ሰውየውን የሚያየው መስታወቱ ላይ ሲደርስ ነው። ሙሉ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይመታል። ነጭ ጋቢ የለበሱት አባት ከሩቅ ይታያሉ፤ ጥቁር ጃኬት የለበሰው ልጃቸው አይታይም። መኪናው ሳይነካው ያለፈ ሽማግሌ ጋቢውን ያመሰግን አያመሰግን አላውቅም።

አሁን ወደ መኪናው ውስጥ እንግባ።

አንድ ጊዜ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ጋቢና ደረሰኝ። ቀበቶውን ስቤ መቆለፊያውን ብፈልግ የለም። ወንበሩ ስር ገብቶ ይሁን ተነቅሎ አይታወቅም። ረዳቱ ከኋላ አንገቱን አስግጎ አየኝና፣ “ጋሼ፣ ጫፉን ጭንዎ ስር ሸጎጥ ያርጉት በቃ። ኬላውን እስክናልፍ ነው” አለኝ። ሸጎጥ አረግኩት። ኬላው ላይ ትራፊኩ በመስኮት አየን፣ ሁለታችንም ትከሻ ላይ ጥቁር ቀበቶ አለ፣ እለፉ አለን። መቶ ሜትር ሳንሄድ ሾፌሩ የራሱን ፈታው። ጫን ጫን እያለው ነው አሉ። ከኋላ ደግሞ መሃል መተላለፊያው ላይ በበርጩማ የተቀመጡት ትርፎች፣ “ጎንበስ በሉ” ተብለው ጎንበስ ያሉት፣ ቀና ቀና ማለት ጀመሩ። እኔም ያን ቀን ጫፉን ጭኔ ስር እንደያዝኩ ወረታ ደረስኩ። ለምን እንደያዝኩት እስካሁን ይገርመኛል።

የተቆለፈ ቀበቶ ፊት የተቀመጠን ሰው የመሞት ዕድል ከ45 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል። የኋላው 25 በመቶ። ይህ በብዙ አገር ተፈትሾ የታወቀ ቁጥር ነው። ቀበቶ ዋና ሥራው ሰውን መኪናው ውስጥ ማስቀረት ነው። ተገልብጦ በሚንከባለል መኪና ብዙ ሞት የሚመጣው በበሩ ወይም በመስታወቱ ተወርውሮ ከመውጣት ነው። የወጣው ሰው ወይ ድንጋይ ይቀበለዋል፣ ወይ የራሱ መኪና ይመጣበታል። “ቀበቶ ባያስር ኖሮ ዘሎ ይወርድ ነበር” የሚባለው ወሬ ስንቱን እንዳስጨረሰ! በ80 ከሚሄድ መኪና ማን ነው ዘሎ የሚወርደው?

ከኋላ ያሉት ቀበቶ የላቸውም። ግጭት ሲመጣ ከኋላ የተነሳው ሰው የፊተኛውን ወንበርና የተቀመጠበትን ሰው ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጋቢና ያለው ሰው ቢያስርም ከጀርባው የሚመጣው 70 ኪሎ አለበት። ጭን ላይ የተያዘ ህፃን ደግሞ አለ። 10 ኪሎ የሚመዝን ህፃን በ50 የሚሄድ መኪና ድንገት ሲቆም እናቱ እጅ ላይ 200 ኪሎ ያህል ይሆናል። ሁለት ኩንታል። ሁለት ኩንታል በክንዷ የምትይዝ እናት የለችም፤ ፍቅር የፈለገውን ያህል ቢሆን።

ስለ ቅጥቅጥም ሁለት ቃል። ስሙ ራሱ ይናገራል። ሻንሲው የአይሱዙ፣ አካሉ ግን አገር ውስጥ በቆርቆሮና በብረት ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ጥሩ የሚሠሩ ጋራዦች አሉ። ግን ወንበሩ ከወለሉ ጋር በምን ተያይዟል? በስንት ቡሎን? ጣሪያው ሲገለበጥ ይሸከማል ወይስ እንደ ካርቶን ይተኛል? ተሳፋሪ ይህን አይጠይቅም፤ ሂሳቡን ነው የሚጠይቀው። ወንበሮቹ ተነቅለው ሰዎቹን ይዘው ወደ ፊት የተቆለሉበት አደጋ ላይ ቀበቶ ቢኖርም ብዙ አይረዳም ነበር።

ባጃጅን ካነሳን ክብደቷን እናንሳ። ባዶዋን 350 ኪሎ ገደማ ናት። አራት ሰው ሲገባባት 600 ትሆናለች። ጭነቱን ጨምሮ 8 ቶን የሚሆን አይሱዙ በ50 መጥቶ የቆመች ባጃጅ ቢመታ፣ አይሱዙው የሚቀንሰው 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ባጃጇ ግን በቅጽበት ከ0 ወደ 46 ትወረወራለች። የአይሱዙው ሾፌር “ነካ አደረገኝ” ይላል፤ እውነቱን ነው፣ እሱ የተሰማው ነካ ብቻ ነው። ባጃጇ በር የላትም። ሦስት ጎማ ስለሆነች ትንሽ ስትገፋ ትተኛለች። ውስጧ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው አስፋልቱን ነው። ሞተር ሳይክል ላይ ያለው ቢያንስ ሄልሜት ማድረግ ይችላል፤ ደህና ሄልሜት የአንጎል ጉዳትን እስከ 74 በመቶ ይቀንሳል። ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት የሚሄደውን ሳይጨምር።

ከሁሉ የከፋው ግን ጭነት ላይ መጫን ነው። የሰሊጥ ወቅት ሲመጣ የመተማን መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል። የአይሱዙ ስፖንዳ ላይ ወጣቶች ተደርድረው፣ አንዳንዱ ከከረጢቱ በላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ። ቀበቶ የለ፣ ወንበር የለ፣ ጣሪያ የለ። መኪናው ትንሽ ጎን ሲል ሁሉም ይወረወራል። በዚያ ላይ ጭነቱ ይከተላል። በሚኒባስ ቢሆን ሁለት ሰው የሚሞትበት መገልበጥ እዚህ ሃያውን የሚጨርሰው ለዚህ ነው። ልጆቹ ይህን የሚመርጡት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ርካሽ ነው፤ አንዳንዴም ሌላ መኪና የለም።

የአገራችን አቀማመጥም ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ በየት በኩል ብትወጣ ቁልቁለት አይጠፋም። ወደ መተማ ከአይከል በኋላ ወደ ቆላው ይወረዳል። በሰሜን ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ አለ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ሥራውን ሁሉ ለፍሬኑ ሰጠው ማለት ነው። ፍሬን ሲግል አቅሙን ያጣል። “ፍሬን በጥሶ” ከሚባሉት አደጋዎች ብዙዎቹ ላይ የተበጠሰ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ፍሬኑ ጋለ እንጂ። በከባድ ማርሽ ሞተሩ ይዞት ቢወርድ ፍሬኑ አርፎ ይጠብቀው ነበር። ሜዳ ላይ ቢሆን መኪናው አንዴ ተገልብጦ ይቆማል። ገደል ላይ ግን አምስቴ ይገለበጣል፤ እያንዳንዷ ዙር አዲስ ግጭት ናት። ከዚያም የተጎዳውን ከገደል አውጥቶ አስፋልት ለማድረስ ብቻ ሰዓት ይሄዳል።

ሰዓት ስል ወደ ሌላኛው ግማሽ መጣሁ። ጉዳቱ መኪናው ሲቆም አያልቅም። ብዙ ጊዜ ከባድ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰዋችን ደግ ነው። መኪና ሲገለበጥ አራሹ ሞፈሩን ጥሎ ይሮጣል። “አንሱት! አንሱት!” ይባላል። አንዱ ብብቱን፣ አንዱ እግሩን ይዞ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ፣ በሩጫ። አንዲት እናት በጣሳ ውሃ ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም ነፍስ ሊያድኑ ነው። ግን የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ህብለ ሰረሰሩ ገና ያልተነካ ሰው፣ አንገቱ ተንጠልጥሎ ሲነሳ ሽባ ሊሆን ይችላል። መኪናው ካልተቃጠለ፣ ሌላ መኪና የማይመጣበት ቦታ ከሆነ፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ማንሳት ግድ ከሆነ አንድ ሰው ራሱንና አንገቱን በሁለት እጁ ከሰውነቱ ጋር ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌሎቹ እንደ ሳንቃ አንድ ላይ ያንሱት። ውሃውም ይቆይ። ራሱን የሳተ ሰው ውሃው ሳንባው ይገባል፤ ለቀዶ ጥገና የሚገባም ሆዱ ባዶ ቢሆን ይሻላል።

ደም የሚፈስ ከሆነ ግን መቆየት የለም። ነጠላውን አጣጥፎ ቁስሉ ላይ በመዳፍ አጥብቆ መጫን፣ አለመልቀቅ። በየደቂቃው እያነሱ “ቆመ?” ብሎ ማየት አይደለም። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ደግሞ በደም መፍሰስ ግፊቱ አንዴ እንኳ በጣም ከወረደ የመሞት ዕድሉ በእጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ የእግር ቁስል ላይ የተጫነች አንዲት ነጠላ አንጎልን ታድናለች።

ከዚያ ሆስፒታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሰሜን ምዕራቡ ሁሉ መድረሻ ነው። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመተማ ወደ 200 ይጠጋል። ቀይ መስቀልን በ907 መጥራት ይቻላል። የወረዳው አምቡላንስም አለ፤ በብዛት የገባው ግን ለወላድ እናቶች ታስቦ ነው። ምጥ ላይ ያለችን ሴት ይዞ ወጥቶ ከሆነ አደጋው ይጠብቃል። የተጎዳው ሰው በተገኘው መኪና፣ አንዳንዴ እዛው በአይሱዙ ስፖንዳ ላይ ይመጣል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ በማታ መንቀሳቀስ የማይቻልበትም ጊዜ አለ። ጣፊያው የፈነዳ ሰው ይህን አያውቅም፤ ደሙ በሰዓቱ ይፈሳል።

በሶስተኛ ወገን መድን አዋጁ፣ በቁጥር 799/2005፣ በመኪና የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ መጀመሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ይሮጣል። ያ ሩጫም ሰዓት ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ሐኪሙ የሚጠይቀው ነገር ቀልድ ይመስላል። “ስምህ ማነው? አሁን የት ነህ? እጄን ጨብጠኝ።” ነጥብ እየሰጠ ነው። ሙሉ ንቁ የሆነ 15 ያገኛል፤ ዝቅተኛው 3 ነው። 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ የአንጎል ጉዳቱ ከባድ ነው ይባላል። ይህ መለኪያ ከግላስጎ ከተማ ነው የመጣው፣ በ1974 እንደ ፈረንጆቹ። ደጋግሞ መጠየቁ ነው ቁም ነገሩ፤ ጠዋት 15 የነበረው ከሰዓት 11 ከሆነ ውስጥ የሚፈስ ደም ሊኖር ይችላል። ጠላ ወይም አረቄ የጠጣ ሰው ሲመጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። የሚንተባተበው ከስካር ነው ወይስ ከአንጎሉ? “ሰክሮ ነው፣ ይተኛ” ተብሎ ያልነቃ ስንት አለ።

“ደህና ነኝ” የሚለው ሰውም ያስፈራኛል። ራሱን ተመትቶ ትንሽ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ይነቃል፣ ይስቃል፣ ቡና ጠጥቶ ቤቱ ይገባል። በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መሃል አንዲት የደም ስር ተቀድዳለች። ከሰዓታት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ቤተሰብ “ደክሞት ነው” ብሎ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ቶሎ ከደረሰ ሐኪም ቀዳዳ ከፍቶ ደሙን ሲያወጣው የሚድን ጉዳት ነው። ትራፊኩ ግን ጠዋት ስሙን “ቀላል” ከሚለው ጎን ጽፎት ሄዷል።

እግሩ የተሰበረውም እንዲሁ። ሆስፒታል ጄሶ ተደርጎለት ወይም ቀጠሮ ተሰጥቶት ይወጣል። ቤት ሲደርስ ጎረቤት ይሰበሰባል። “ሆስፒታል አጥንት አያውቅም፣ ይቆርጡሃል፣ ወጌሻ ጋ እንውሰድህ።” ወጌሻዎቻችን ወለምታ ላይ እጃቸው የተባረከ ነው፤ እኔንም ቁርጭምጭሚቴን መልሰውልኛል። የተሰበረ አጥንት ላይ ቀርከሃውን ደርድረው በጨርቅ ጥብቅ አድርገው ሲያስሩት ግን ሌላ ነገር ይመጣል። የተሰበረ እግር ያብጣል። እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ ደም ስሩን ያንቀዋል። ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ይጠቁራሉ። ህመሙ ሲብስ “አጥንቱ እየገጠመ ነው፣ ቻል አድርገው” ይባላል። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን ቢፈታ ጊዜው አልፏል። እንዲህ ያለ ወጣት በቃሬዛ ተመልሶ ይመጣና እግሩ ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል። የአደጋው መዝገብ ላይ ግን ያኔ እንደተጻፈ ነው፤ “ቀላል ጉዳት።”